ለማንም አይወረድም

መኪና መንዳት የሚያስፈራው ገደል ስላለ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወይ የኛን አገር አያውቃትም ወይ ይዋሻል። የኛ አገር ሜዳ ነው። ከአዳማ ባቡር ጣቢያ እስከ ወለንጪቲ ዓይንህን ጨፍነህ ብትነዳ የሚያገኝህ ቢበዛ አንድ ግራር ነው። እኔን ያስፈራኝ ገደል አልነበረም። እኔን ያስፈራኝ ሰው ነው።

ጉተማ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ የፊታውራሪ ሰብስቤ በቅሎ ያዥ ነበርኩ። ሥራዬ እሳቸው ሲወጡ እርካብ መያዝ፣ ሲወርዱም እርካብ መያዝ፣ በመካከሉ ደግሞ ከበቅሎዋ ጎን መሮጥ ነው። እዚያች በቅሎ ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም። ውሃ ላጠጣት ብቻዬን ስወስዳት እንኳ እየሳብኳት ነው የምሄደው። ብቀመጥባትማ ሹም ሲመጣ መውረድ አለ፣ ቄስ ሲመጣ መውረድ አለ፣ ሽማግሌ ሲመጣ መውረድ አለ። ወርዶ ነጠላን ማደግደግ፣ አደግድጎ እጅ መንሳት፣ እጅ ነስቶ እስኪያልፉ መቆም አለ። ይህን ሁሉ ከማድረግ በእግር መሄድ ይቀላል ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ሌላው አሽከር ሰውን ከሩቅ ለይቶ ለሚወረድለት ይወርዳል፣ የማይወረድለትን ደግሞ ጭራሽ አያየውም። እኔ መለየት አልችልበትም ነበር። ሰው ሁሉ የሚበልጠኝ ይመስለኛል።

በሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምት ፊታውራሪ መኪና ገዙ። ለምን ገዙ ቢባል፣ ወለንጪቲ ያሉት ግራዝማች ስላልገዙ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። መኪናዋ ከጅቡቲ በባቡር ተጭና፣ ሸራ ተከናንባ እንደ ሙሽራ መጣች። አብሯት ደሊል የሚባል የወሎ ሰው መጣ፤ መንዳት ድሬዳዋ የተማረ፣ ጫት የሚወድ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነው። "ሚስቴ ድሬዳዋ ናት፤ ጳጉሜ ካለቀች አንድ ቀን አላድርም" ብሎ ገና ሲመጣ ቁርጡን ተናግሯል።

ፊታውራሪ አስጠሩኝ።

"ጉተማ፣ በቅሎዋን ሸጥኳት" አሉ።

በቅሎ ከሌለች በቅሎ ያዥ ምን ያደርጋል? መልሱን እሳቸውም እኔም እናውቀዋለን።

"በቅሎዋ ትወድህ ነበር። ስለዚህ መኪናዋን አንተ ትማራለህ። ይህ የወሎ ሰው ከመሄዱ በፊት ትማርና ለደመራ ወለንጪቲ ታደርሰኛለህ። ግራዝማች ደጃፍ ላይ ነው የምወርደው። መንገድ ላይ ካቆምክብኝ ግን፣ እዚያው በቆምክበት ወርደህ ወደ ወንድምህ ቤት ትሄዳለህ።"

በቅሎ የወደደችውን ሰው መኪናም ትወደዋለች ብሎ ማሰብ የሚመጣለት ለጌታ ብቻ ነው። ድሃ እንዲህ ቢያስብ ጠበል ይወስዱታል።

ወንድሜ ነገሪ ወለንጪቲ መዳረሻ ላይ መሬት አለው። እናቴም ከሱ ጋር ናት። ከቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አንተ ሰው ፊት ራስህን ቀና ማድረግ የማትችል ማን ቤት ትኖራለህ? ዞረህ ዞረህ እዚሁ ትመጣለህ፣ ያን ጊዜ ከብት ትጠብቅልኛለህ" ብሎኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። እናቴን እንኳ የማያት በዓመት አንዴ ለገበያ አዳማ ስትመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ተባርሬ፣ ነገሪ በር ላይ ቆሜ የሱን ሳቅ ከምሰማ መኪናዋ ብትበላኝ እመርጣለሁ አልኩ።

መኪናዋን መልመድ አልከበደኝም። ከጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ሰው በሌለበት፣ ደሊል አጠገቤ ተቀምጦ ቅጠሉን እያኘከ አስተማረኝ። "ይህ ፍሪሲዮን ነው፣ ይህ ፍሬን ነው፣ ይህ መሪ ነው። እግርህ ቢሳሳት እንነጋገራለን። እጅህ መሪውን ከለቀቀ ግን አንነጋገርም" አለኝ። በሳምንቴ ማርሽ መቀየር፣ መዞር፣ ወደ ኋላ መሄድ ቻልኩ። ደሊል ራሱ "ወላሂ፣ ከበቅሎ ቤት ሾፌር ይወጣል ብዬ አላሰብኩም" አለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ከተማ ገባን።

መጀመሪያ ያጋጠሙን የገበያው ሹም ናቸው። ገና እንዳየኋቸው ሁለቱም እጆቼ ከመሪው ተነስተው ነጠላዬን ሊያደገድጉ ሄዱ። እኔ አላዘዝኳቸውም፣ ራሳቸው ሄዱ። መኪናዋም የራሷን መንገድ ይዛ የሰው ድርቆሽ ክምር ውስጥ ገባች። ሹሙ ከክምሩ ማዶ ሆነው "እንዴት ዋልክ ጉተማ" አሉ። እኔም ከድርቆሹ ውስጥ ሆኜ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ" አልኳቸው። ደሊል በአማርኛ የሚያውቀውን ስድብ ጨርሶ ወደ ዐረብኛ ተሻገረ።

በማግስቱ ነጠላዬን ቀምቶ በሸሚዝ አስቀመጠኝ። የማደግድገው ነገር ሲጠፋ ደግሞ መውረድ ጀመርኩ። ሰው ባየሁ ቁጥር አቆማለሁ፣ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ እጅ እነሳለሁ። ለመውረድ ስለምቸኩል ፍሪሲዮኑን ሳልረግጥ ፍሬኑን እረግጣለሁና ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ደሊል ወርዶ፣ ማኖቬላ የሚባለውን የብረት እጀታ ከፊቷ ሰክቶ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ያሽከረክራል። ከጣቢያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አሥራ ሰባት ጊዜ ወረድኩ። የቆጠረው ደሊል ነው።

አሥራ ሰባተኛዋ ሣር የጫነች አህያ የምትነዳ ሴት ነበረች።

"ታውቃታለህ?" አለኝ ደሊል፣ ማኖቬላውን ይዞ እያለከለከ።

"አላውቃትም።"

"ታዲያ ለምን ወረድክላት?"

"ታላቄ ትመስላለች።"

"አንተ ሰው፣ አህያዋ ብቻዋን ብትመጣም ትወርድላት ነበር።"

"የማን አህያ እንደሆነች በምን ይታወቃል?" አልኩት።

ማኖቬላውን መሬት ላይ ጣለና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እኔም አፈርኩ። ያፈርኩት ግን ገና ይመጣብኛል ያልኩትን ውርደት ፈርቼ ነው። የተቀመጥኩበት ወንበር ያቃጥለኛል። ሰው ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር "ይህን ደግሞ ማን አስቀመጠው?" የሚል ይመስለኛል፤ እኔም ሳይጠይቁኝ ቶሎ ወርጄ ስህተቱን አርማለሁ። ይህን ለደሊል ነገርኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። ጫቱን ከአፉ አወጣና "ነገ የገበያ ቀን ነው" ብቻ አለኝ።

በማግስቱ ጧት በሁለት ሰዓት መኪናዋን ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አደባባይ መሀል አቆማት። ከዚያ የበቅሎ ጭነት የሚታሰርበትን መጫኛ አመጣና ወገቤን ከወንበሩ ጋር ጠፍሮ አሰረኝ። በቅሎዋ ተሸጣ መጫኛዋ ለኔ ተረፈ። እጆቼን መሪው ላይ አስቀመጠና "እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ነህ። ከዚህ ለማንም አይወረድም። ሰላምታ በራስህ ብቻ ትሰጣለህ" ብሎኝ ከጎማው ጥላ ሥር ተጋደመ።

መጀመሪያ የመጡት የደብሩ ቄስ ናቸው። ገመዱን አዩና ደነገጡ።

"ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?"

"መውረድ ነው ጥፋቱ፣ አባባ" አለ ደሊል ተጋድሞ።

ቄሱ አልገባቸውም፤ ግን መስቀላቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳለሙኝ። ተቀምጬ ተሳለምኩ። ገመዱ ባይኖር ዘልዬ በወረድኩ ነበር። እሳቸው ግን መስቀላቸውን መልሰው ወደ ገበያው ሄዱ።

ቀጥሎ የገበያው ሹም፣ ቀጥሎ ከመቂ የመጡ ነጋዴዎች፣ ቀጥሎ የጣቢያው ዘበኛ መጡ። ወሬውም ገበያውን ሞላው፤ የፊታውራሪ አሽከር መኪና ውስጥ ታስሯል ተባለ። እስረኛ ከሆነማ ርቦታል ብላ ቀመሪያ የምትባል ዳቦ ሻጭ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። እጄን ከመሪው ማንሳት ስለተከለከልኩ እየቆረሰች አጎረሰችኝ። "ምን ሰርቀህ ነው?" ስትለኝ አፌ ሙሉ ነበርና አልመለስኩም፤ አለመመለሴን እንደ ማመን ቆጠረችውና "አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል" ብላኝ ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ገባኝ። ማንም አልተቆጣም። እኔ ስላልወረድኩ አንድም ሰው አልሞተም። ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እነሱም ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ስለ ጨውና ስለ ጎመን ዘር እያወሩ ያልፋሉ። ሁለት ገበሬዎች ደግሞ ከፍ ብዬ ስላዩኝ ብቻ፣ ሹም መስዬአቸው፣ ቀድመውኝ እጅ ነሱኝ። ተናደድኩ፤ በነሱ ሳይሆን በራሴ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ የሚውል ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው የራሱ ጣጣ አለበት።

በስድስት ሰዓት ደሊል ሲፈታኝ ወገቤ ቆስሏል። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲመጣ ልቤ አልፎ አልፎ ይወርድ ይሆናል እንጂ እኔ አልወርድም ነበር። ጳጉሜ አልቃ ደሊል ባቡሩ ላይ ሲሳፈር በመስኮት አንገቱን አወጣና፣ "ሞተሩን ሳትገድል ማቆም አሁንም አላየሁብህም። ስታቆም ፍሪሲዮኑን ርገጥ፣ ማርሹን አውጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ። በተረፈ ለማንም አይወረድም" አለኝ። ባቡሩ ሄደ። ጣቢያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ያን ክፉ ሰው ለካ ወድጄዋለሁ።

የደመራ ዕለት ጧት ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው ከኋላ ተቀመጡ። አሽከሮቹን በዋዜማው በእግር ልከዋቸዋል፤ ግራዝማች ደጃፍ ላይ ተሰልፈው እንዲጠብቁን ነው። መኪናዋ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እኔ እየነዳሁ ሲቀመጡ ይህ መጀመሪያቸው ነው። ሞተሩን አስነስቼ መሪዬን ያዝኩ።

"ያልኩህን አትርሳ" አሉ። "ብታቆም ወደ ነገሪ።"

"አልረሳሁም ጌታዬ።"

ጀርባዬን ሰጥቻቸው መቀመጤ ብቻ አንገቴን ያሳክከኛል። ለጌታ ጀርባ አይሰጥም፤ ፊቴን ላዙርላቸው ብል ደግሞ ሁለታችንም ግራር ላይ ነን። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ባላምባራስ ጭፍሮቻቸውን አስከትለው በበቅሎ መጡ። ጌታዬን አይተው ወረዱ፣ አደገደጉ፣ እጅ ነሱ። እጄ መሪው ላይ እንዳለ ራሴን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ። ከኋላዬ ግን ለባላምባራሱ መልስ ይሰጣል ስል ምንም ድምፅ የለም። ምን ሆኑ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። የምሰማው አንገቴ ላይ የሚሞቅ ትንፋሽ ነው። በዓይኔ ጠርዝ ሳይ፣ ሁለት የከበሩ እጆች የወንበሬን ጀርባ ግጥም አድርገው ይዘዋል፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ከትንፋሹ መሀል "በስመ አብ ወወልድ" የሚል ይሰማል።

ፊታውራሪ ፈርተዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የምርበተበትለት ሰው የኔን ወንበር ይዞ ይንቀጠቀጣል። ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኩት። አዘንኩላቸውም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መፍራት እንዴት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወለንጪቲ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ከፊታችን አንዲት ሴት ቅል በጀርባዋ አዝላ ትሄዳለች። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ከመንገዱ ወረደች። ቅሏን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አደገደገች፣ ከወገቧ እጥፍ ብላ እጅ ነሳች። ቀና ብላ አላየችም። ሹም ሲያልፍ ቀና ብሎ አይታይምና።

እኔ ግን አየኋት። ነጠላዋን የምታደገድግበትን መንገድ ሌላ ሴት አታውቅበትም። እናቴ ናት።

እናቴ ለኔ እጅ ነሳች፣ እኔም አቧራዬን አልብሻት አለፍኩ።

አሥር ክንድ ያህል ሄድኩ። በዚያች አሥር ክንድ ውስጥ ነገሪን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፣ ደሊልን በባቡር መስኮት አየሁት። "ለማንም አይወረድም" አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ማርሹን አወጣሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ይንተከተካል።

"ምንድን ነው? ለምን ቆምክ?" አሉ ፊታውራሪ።

"እወርዳለሁ ጌታዬ" አልኩና ወረድኩ። እስከዚያ ቀን ከወረድኩት ሁሉ ቀስ ብዬ የወረድኩት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ አሁንም እንደታጠፈች ናት። እግሬን ብቻ ነው የምታየው።

"አዬ፣ እኔ ነኝ" አልኳት፤ እናቴን የምጠራት በኦሮምኛ ነው።

ቀና አለች። ፊቴን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች። ፊቷ አቧራ ለብሷል።

"ጉተማ ኮ" አለች በኦሮምኛ፤ የኔ ጉተማ ማለቷ ነው። ከዚያ ተቆጣች። "አንተን ብዬ ነው እንዲህ የታጠፍኩት? ወገቤን የሚያመኝ መሆኑን እያወቅህ? በል፣ እጅ የነሳሁህን መልስልኝ።"

መለስኩላት። አቧራው ላይ ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። ምን ይዘሽ ነው ብላት ለበዓሉ ቅቤ ልትሸጥ ነው። ነገሪስ ብላት፣ "ተኝቷል፤ በቅሎ የለሽ አህያ የለሽ፣ በእግርሽ ሂጂ አለኝ" አለችኝ።

በዚህ መሀል ከመኪናው ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ጉተማ። ጉተማ፣ ይህ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው።"

አልተንቀሳቀሰም፤ ሞተሩ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ፊታውራሪ ግን ሾፌር በሌለበት መኪና ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወንበሩ ላይ ሰብስበው፣ በሩንም ለመክፈት ፈርተው ይጠብቃሉ።

"ጉተማ፣ ና ልጄ" አሉ።

ልጄ ብለውኝ አያውቁም። የእናቴን ቅል አንስቼ፣ እጇን ይዤ መጣሁ። የፊተኛውን በር ከፈትኩላት።

"ማን ናት?"

"እናቴ ናት ጌታዬ። ወለንጪቲ ነው የምትሄደው።"

"ከኔ ፊት ልትቀመጥ ነው? ጀርባዋን ሰጥታኝ?"

"ካልሆነ ከኋላ ከእርስዎ ጋር ትቀመጥ።"

ቅሉን አዩ፣ ካባቸውን አዩ። ቅቤው ይፈስሳል።

"ወደ ነገሪ ነው የምትሄደው፣ ነግሬሃለሁ" አሉ። ድምፃቸው ግን ከነገሪ ይልቅ ስለ ሞተሩ ያስብ ነበር።

"እሄዳለሁ ጌታዬ። መጀመሪያ ግን ማን ያድርስዎ? አሽከሮቹ ግራዝማች ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል። በእግር ይሆናል?"

የቀረውን መንገድ አዩ፣ እግራቸውን አዩ። "ከፊት ትሁን" አሉ በመጨረሻ።

እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ገና ስንነሳ ከወንበሩ ልትወድቅ ነበር፤ መጫኛውን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ወገቧ ላይ አሰርኩላት። ቅሏን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ፈጥጣ ተቀመጠች። ከኋላ የወንበሬ ጀርባ እንደገና ተያዘ።

ወለንጪቲ ስንገባ ሕዝቡ ለደመራው ወጥቷል። መኪናዋን ሲያይ ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ ሽማግሌው አደገደገ፣ ሴቱ ታጠፈ፣ ከበቅሎ የሚወርደው ወረደ። እናቴ ደነገጠች። ወዲያው ልትነሳና እጅ ልትነሳ ሞከረች፣ መጫኛው ያዛት። እንደገና ሞከረች። እኔም እንደዚያው ነበርኩና ሳያት ዓይኔ በእንባ ተሞላ።

"አዬ፣ ከዚህ አይወረድም" አልኳት።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እጅ ሲነሳ ዝም ልበል?" አለችኝ። "ለማን ነው የሚነሳው?"

በዓይኔ ጠርዝ ወደ ኋላ አየሁ። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ለአንቺ ነው" አልኳት።

እናቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቅሏን ጭኗ ላይ አደላደለች፣ ራሷንም ለሕዝቡ አንድ ጊዜ ብቻ ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች።